አያትሽ የነገሩሽን ለአባትሽ ንገሪያቸው

«ሰላም እትዬ። የሚጽፉትን ሁሌ አነባለሁ፤ ዛሬ ግን የራሴን ጉዳይ ይዤ መጣሁ። 19 ዓመቴ ነው፣ የደሴ ልጅ ነኝ። የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት እየጨረስኩ ስለሆነ በቅርቡ ዲፓርትመንት እንመርጣለን። እኔ የምፈልገው ሶሲዮሎጂ ነው። አባቴ እህል ነጋዴ ነው። ‹አካውንቲንግ ካልሆነ ከእኔ አንዲት ብር አታገኚም፤ ሰውን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፣ እኔ ገበያ ውዬ አውቀዋለሁ› አለኝ። ጅዳ ያለችው አክስቴ ደግሞ ነርሲንግ ከሆነ የግል ኮሌጅ እከፍልልሻለሁ ትላለች። ወንድሜ ‹የወሬ ትምህርት› እያለ ይስቅብኛል። እኔ ይህን ነገር የወደድኩት ከአያቴ ነው። ስለ 65ቱ ረሃብ ስታወራ ‹እህልማ ነበረ፣ እኛ ነን መግዣ ያጣነው› ትላለች። ይህቺ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣችም። እህል እያለ ሰው እንዴት ይራባል? ግን እውነት እንደሚሉት ይህ ትምህርት ለአገር ምንም የማይጠቅም ከሆነ ንገሩኝና ልተወው።
ግራ የገባኝ፣ ከደሴ»

እህቴ፣ ከደብዳቤሽ ውስጥ ቀድሜ የያዝኩት የአያትሽን ንግግር ነው። ወደ ዲፓርትመንቱ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን አያትሽ ምን እንዳሉ ልንገርሽ፤ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ቤታችሁ ውስጥ የነገረሽ ሰው ያለ አልመሰለኝም።

ወሎ ሲራብ ብዙ ሰው ነገሩን የሚያየው በአንድ መንገድ ነበር። ዝናብ ቀረ፣ እህል ጠፋ፣ ሰው አለቀ። ይህን ሒሳብ እንደገና ከሠሩት ሰዎች አንዱ አማርትያ ሴን የሚባል ህንዳዊ ኢኮኖሚስት ነው። ፍልስፍናም ያስተማረ ሰው ነው፤ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1998 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት ከመረመራቸው ረሃቦች አንዱ የወሎው ነው። ቁጥሮቹን ሲያገላብጥ ያገኘው ነገር ያስደነግጣል። ወሎ ውስጥ ምርት ክፉኛ ወድቋል፣ ይህ እውነት ነው። በአገር ደረጃ ግን የዚያ ዓመት ምርት ከሌላው ጊዜ ያን ያህል የራቀ አልነበረም። ደሴ ገበያ ላይም የእህል ዋጋ ይጠበቅ የነበረውን ያህል አልናረም። እስቲ አስቢው፣ ሰው መንገድ ዳር እየወደቀ ያንቺው ከተማ ገበያ ላይ ዋጋው ከወትሮው ብዙም አይርቅም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይጫን ነበር።

ለምን? ገዥ የለማ። ገበሬው ማሳው ሲደርቅበት ያጣው የሚበላውን ብቻ አይደለም፣ ሸጦ ብር የሚያገኝበትንም ነው። ብር የሌለው ሰው ደግሞ ለገበያ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። መኪናው ብር ወዳለበት ይሄዳል። አባትሽን ጠይቂያቸው፤ ይህን ከእኔም ካንቺም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ይሄ ሰውዬ «ስንት ኩንታል ጎደለ?» ብሎ አላቆመም። «የተራበው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ዝርዝሩን ስታዪው ገበሬው አለ፣ ከገበሬው ቤት የተባረረው አገልጋይ አለ፣ የቀን ሠራተኛ አለ፣ ሰው ቤት የምትሠራ ሴት አለች፣ የአፋር አርብቶ አደር አለ። ሸማኔም አለ። ሸማኔውን ውሰጂ። ማሳ የለውም። ዝናቡ ቀረ ብሎ መወርወሪያው አይሰበርበትም። ግን ገበሬ ሲቸገር መጀመሪያ የሚተወው ጋቢ መግዛት ነው፤ ስለዚህ አንድም የበቆሎ አገዳ ያልደረቀበት ሰው እንደ ገበሬው ተራበ። አፋሩ ደግሞ ከብቱ ሲከሳ ዋጋው ወረደበት፣ በዚያች ብር የሚገዛው እህል አነሰበት፣ በድርቅ ጊዜ ይሸሽበት የነበረው የአዋሽ ዳር ግጦሽም ለጥጥና ለሸንኮራ እርሻ ተወስዶበት ነበር። ይህን ሁሉ የዝናብ መለኪያ አይነግርሽም።

አሁን ልዩነቱን እዪ። ችግሩ የእህል እጥረት ብቻ ከሆነ መፍትሔው እህል መጫን ነው። ችግሩ መግዣ ማጣት ከሆነ ግን ለሰዉ ሥራና ብር በጊዜ ከደረሰለት እህሉ ራሱ ብሩን ተከትሎ ይመጣል፣ ገበሬውም በሬውን ሸጦ ሳይጨርስ ክረምቱን ይሻገራል። በ1997 የተጀመረው ሴፍቲኔት፣ ገጠር ያሉ ዘመዶችሽ በደንብ የሚያውቁት፣ እንዲህ ካለው አስተሳሰብ ጋር የተያያዘ ነው። መሥራት የሚችለው እርከንና መንገድ እየሠራ፣ የማይችለው ደግሞ እንዲሁ፣ በየዓመቱ ብር ወይም እህል ያገኛል። ሲጀመር 5 ሚሊዮን ያህል ሰው ነበር የያዘው። ጉድለት አለበት፣ ብዙ ሰው ያማርርበታል፣ አማራሪዎቹም እውነታቸውን ነው። ቢሆንም ረሃብ እስኪገባ ጠብቆ ዓለምን ከመለመን ሌላ መንገድ ነው።

አያትሽ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገሩት። «እህልማ ነበረ።»

ስለዚህ አባትሽ «ገበያ ውዬ አውቀዋለሁ» ሲሉ አትሟገቺያቸው። እውነታቸውን ነው፣ ያውቁታል። ጥያቄው እሳቸው የሚያውቁትን ሌላ ማን ያውቀዋል የሚለው ነው። አባትሽ የሚያውቁት ሱቃቸው ውስጥ ቀርቷል፣ አያትሽ የሚያውቁት ቡና ላይ ቀርቷል፣ ሸማኔው የሚያውቀው ከሱ ጋር ተቀብሯል። ሚኒስትሩ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው የኩንታል ቁጥር ነው። ሄዶ የሚጠይቅ፣ የተባለውን ሳያዛባ የሚጽፍ፣ የአንዱን ከሌላው ጋር የሚያስተያይ፣ ከዚያም «ይህ የአንድ ሰው ወሬ አይደለም፣ በዚህን ያህል ቤት ደግሞ እንዲህ ነው» ብሎ ማስረጃ የሚያቀርብ ሰው ከሌለ የአያትሽ እውቀት ለአገር እንዳልነበረ ነው። ያ ሰው መሆን ሙያ ነው። ይማሩታል፣ ይሳሳቱበታል፣ በሥራ ያዳብሩታል።

እኔ ስሳሳትበት የሆነውን ልንገርሽ።

ሶሲዮሎጂ ተምሬ ከወጣሁ በኋላ የመጀመሪያ ሥራዬ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ለአንድ ጥናት መረጃ መሰብሰብ ነበር። ጥናቱ ስለ ዝሆኔ ነው፣ እግር ስለሚያሳብጠው በሽታ። ደጋው ላይ ያለው ዓይነት መነሻው ትል አይደለም፤ ቀዩ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ነው። አገራችን ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው እንዳለበት ይገመታል። መከላከያው እግርን በሳሙና መታጠብና ጫማ ማድረግ ነው። የታመመውም ቢሆን በዚሁ በጣም ይሻለዋል። ርካሽ ነገር ነው፣ ከባድ ምርምርም አይጠይቅም።

አንዲት እናት ቤት ገባሁ። ጫማ ተሰጥቷቸዋል፣ ለእግራቸው ተለክቶ የተሠራ። ጫማው ግን ከነካርቶኑ ቆጥ ላይ ነው። ጭስ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልለውታል። ከእኔ በፊት የመጣው ልጅ ቅጹ ላይ «ግንዛቤ የላቸውም» ብሎ ጽፎ ሄዷል። እኔም ያንኑ ጽፌ ልነሳ ነበር፣ መሽቶብኛል፣ የቀሩኝም ሦስት ቤቶች አሉ። ቡና እያፈሉ ስለነበር አፍሬ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ሲቀዳ ነው የጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ በባዶ እግሬ ስሄድ ቀሚሴን ዝቅ አድርጌ እሸፍነዋለሁ፣ ልብ የሚለኝ የለም። ይህን ያደረግሁ ለት ግን ከማዶ ነው የሚለዩኝ። እንዲህ ያለ ጫማ የሚያደርገው ማን እንደሆነ አገሩ ያውቃል።» ትንሽ ዝም አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለትዳር የደረሰች ልጅ አለችኝ» አሉ።

ሰዉ በሽታውን በዘር እንደሚወርድ እርግማን ስለሚያየው የእናት እግር የልጅን ትዳር ያስቀራል። እኚህ ሴት ግንዛቤ አላነሳቸውም። አስልተዋል። በእግራቸው ሕመም የልጃቸውን ትዳር እየገዙ ነበር። ሐኪሙ ሥራውን በትክክል ሠርቷል፣ ጫማ ሠሪውም ሠርቷል፣ ስለ ልጅቷ የጠየቀ ሰው ነው የጠፋው። ይህ በሪፖርታችን ከገባ በኋላ በሚቀጥለው ዙር ጫማው ለታማሚ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ለመላው ቤተሰብ ታደለ፣ መልኩም ተራ ጫማ እንዲመስል ተደረገ። ከዚያ ቀን በኋላ «ግንዛቤ የላቸውም» የሚል ቃል ቅጽ ላይ ጽፌ አላውቅም።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ኢቦላ ጊኒ፣ ላይቤሪያና ሴራሊዮን ሲገባ ዓለም ሐኪምና ላቦራቶሪ ላከ። ሰዉ ግን ሬሳ መደበቅ ጀመረ። በኢቦላ የሞተ ሰው አስከሬን በጣም አስተላላፊ ነው፤ በዚያ አገር ደግሞ ሬሳን ሳያጥቡ መቅበር እናትን እንደ መጣል ነው። ነጭ የለበሱ ሰዎች መጥተው በላስቲክ ጠቅልለው ወደማይታወቅ ቦታ ሲወስዱብሽ ምን ታደርጊያለሽ? ትደብቂያለሽ። ጊኒ ውስጥ ሊያስተምሩ የሄዱ ሰዎች የተገደሉበትም መንደር ነበር። የኅብረተሰቡን ልማድ የሚያጠኑ ሰዎች፣ አንትሮፖሎጂስት የምንላቸው፣ ከሃይማኖት አባቶች ጋር ተቀምጠው ጠየቁ። ከዚህ ቀብር ውስጥ በምንም የማትተዉት የቱ ነው? የምትለውጡትስ? በዚያው ዓመት ኅዳር የዓለም ጤና ድርጅት የቀብር መመሪያውን በዚህ መንገድ አስተካከለ። ቤተሰብ ከራቀ ቦታ ያያል፣ ጸሎት ይደረጋል፣ መቃብሩ ይታወቃል፣ ለሙስሊሙም በውኃ ማጠቡ ቀርቶ በተየሙም፣ ውኃ በሌለበት በንጹሕ አፈር በሚደረገው መንጻት፣ ይሆናል። ደሴ አድገሽ ተየሙምን አታጪውም። ከ11,000 በላይ ሰው በሞተበት ወረርሽኝ ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ቫይረሱን በማይክሮስኮፕ ያየው ሰው ይህን ሊያገኘው አይችልም ነበር፤ እዚያ ውስጥ የለማ።

ወንድምሽ «የወሬ ትምህርት» ብሎሻል። ሰው ማዋራት ማለቱ ከሆነ ልክ ነው። ወንድምሽ ያን ዘመን አልደረሰበትም መሰለኝ እንጂ፣ ከ1994 እስከ 1997 ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ በሬዲዮ ይተላለፍ የነበረ ተከታታይ ድራማ ነበር። ሰፈራችን ውስጥ ሰዓቱ ሲደርስ በየቤቱ ያው ድምፅ ነበር የሚሰማው። ከመጻፉ በፊት ሰዉ ምን እንደሚፈራ፣ ምን ብሎ እንደሚደብቅ፣ በምን ቃል እንደሚያወራው ተጠንቶ ነው ደራሲዎቹ ብዕር ያነሱት። አድማጮች በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ ጽፈዋል። በየግድግዳው የተለጠፈ «ተጠንቀቁ» የሚል ፖስተር ላይ ሲሰለቹ የነበሩ ሰዎች የአንዲት ገጸ ባሕርይ ነገር እንቅልፍ ይነሳቸው ነበር። ድራማ መጻፍ፣ ቋንቋ ማወቅ፣ ሰው ማጥናት፣ እነዚህ የወሬ ሥራ ከተባሉ ብዙ ሰው ያተረፈ ወሬ ነው።

አባትሽም ወንድምሽም ይህን አስተያየት ከራሳቸው አላመጡትም፣ ስለዚህ ብዙ አትቀየሚያቸው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆን ፖሊሲ ወጥቶ ነበር። አገሪቱ ኢንጂነርና ሐኪም ያስፈልጋት ነበር፣ ዛሬም ያስፈልጋታል፣ ይህን አልክድም። ግን ያ ቁጥር ሳያስበው ለአንድ ትውልድ ወላጅ ያስተላለፈው መልእክት ነበር፤ ጎበዙ ወደዚያ፣ የተረፈው ወደዚህ። ቤታችሁ እራት ላይ የሚወራው የዚያ መልእክት ጭራ ነው።

አሁን ደስ የማይለውን ልንገርሽ፣ ባልነግርሽ እበድልሻለሁና። ሥራ በቀላሉ አታገኚም። እኔ ከተመረቅሁ በኋላ ዓመት ከመንፈቅ ቤት ተቀምጫለሁ። አንድ ቢሮ ስድስት ጊዜ አመላልሶኝ ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጥቷል። ብዙው ሥራ የኮንትራት ነው፣ ሦስት ወር ትሠሪያለሽ፣ አራት ወር ትቀመጫለሽ። ወረዳ ከገባሽ ደሞዙ የቤት ኪራይ ላይበቃሽ ይችላል። ኢንጂነሪንግ ጨርሰው ሥራ ያጡ ልጆችም ሰፈሩን ሞልተውታል፣ እሱ ግን ላንቺ እንጀራ አይሆንሽም። ወላጅ ሲሰጋ በከንቱ አይደለም።

ስለዚህ ሶሲዮሎጂን ከመረጥሽ ባዶ እጅሽን አትውጪበት። ስታቲስቲክስን እንደ ብዙዎቹ ጓደኞቼ አትሽሺ፣ እኔ ሸሽቼው በኋላ በሠላሳ ዓመቴ እያለቀስኩ ነው የተማርኩት። ኤክሴል፣ የጥናት ቁጥር የሚተነተንበት ኤስፒኤስኤስ፣ በታብሌት መረጃ የሚሰበሰብበት ኮቦ የሚሉት አለ፤ እነዚህን ሁለተኛ ዓመት ሳትጨርሺ እወቂያቸው። አንድ ተጨማሪ የአገር ቋንቋ ያዢ። ደሴ ሆነሽ አፋርኛ ብትችይ እመኚኝ፣ መረጃ ሰብሳቢ የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ ላንቺ ነው የሚደውለው። ጽሑፍሽን በአማርኛም በእንግሊዝኛም አሳምሪ። ክረምት ላይ መረጃ ሰብሳቢ የሚፈልግ ካለ አበሉ ትንሽ ነው ብለሽ አትመለሺ፣ እዚያ ነው ሰው የሚያውቅሽ።

አባትሽ በምንም ካልለዘቡ ኢኮኖሚክስም አለ። ስሙ ለእህል ነጋዴ ጆሮ የተሻለ ነው፣ ያ የነገርኩሽ አማርትያ ሴንም የገባው በዚያ በር ነው፤ የሚጠይቀውን ጥያቄ ይዘሽ እስከገባሽ ድረስ አትጠፊም። አካውንቲንግ ግን አባትሽን ለማስደሰት ብቻ ከሆነ ይቅርብሽ። ጥሩ ሙያ ነው፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ግን አንድም ቦታ ስለ ሒሳብ መዝገብ የሚያጓጓሽ ነገር አላየሁም።

አክስትሽን አደራ። ጅዳ በላባቸው ያገኙትን ብር ላንቺ ልክፈል ማለታቸው ትልቅ ፍቅር ነው፣ «አልፈልግም» ብለሽ በአጭሩ አትዝጊው። ደውዪና መጀመሪያ እንዲህ ብለሽ ጠይቂያቸው። እዚያ የገባሽ ሰሞን በጣም የቸገረሽ ምን ነበር? የቤቱ ሥራ ነው ወይስ ሰዎቹን ማወቅ? ቋንቋቸው፣ ምን እንደሚያስቆጣቸው፣ ወዴት አቤት እንደሚባል? መልሱን እኔ አልነግርሽም፣ ከሳቸው ስሚው። ከወሎ ስንት ልጅ በዚያ መንገድ እንደሚሄድ ታውቂያለሽ፤ ያንን ሳትሄድ በፊት ነግሯት የሚያዘጋጃት ሰው ብታገኝ ኖሮ ስንቷ ትተርፍ ነበር። ምናልባት አንቺ የምታጠኚው እሱን ይሆናል። ሰውነት ማከም ልብሽን የሚስበው ከሆነ ደግሞ ነርስነት የተባረከ ሥራ ነው፣ ሂጂ። ብሩ ስለተገኘ ብቻ ግን አትሂጂ፣ አንቺም በሽተኛውም ትጎዳላችሁ።

ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊልኝ። በዚህ ሳምንት አያትሽ ቡና ሲያፈሉ አባትሽንም ጥሪያቸው፣ ሱቅ ዘግተው የሚገቡበትን ሰዓት መርጠሽ። ስልክሽን ለመቅዳት አዘጋጂ፣ ግን አስቀድመሽ አያትሽን አስፈቅጂ። ከዚያ ጠይቂያቸው። በ65 እናንተ ቤት መጀመሪያ የተሸጠው ምን ነበር? በሬው ስንት ወጣ? በዚያ ብር ስንት ቁና ተገዛ? መጀመሪያ የተሰደደው ጎረቤት ማን ነው፣ ሥራውስ ምን ነበር? «እንዴት ተሰማዎት» አትበያቸው፤ ስለ ዕቃና ስለ ዋጋ ጠይቂያቸው፣ ሌላው ራሱ ይመጣል። አባትሽ መሀል ገብተው «እንዲያማ ከሆነ ነጋዴው» ማለት መጀመራቸው አይቀርም። አታቋርጫቸው። ስልኩን ግን ረከቦቱ ላይ አታስቀምጪው፣ ሲኒው ሲንኳኳ የአያትሽን ድምፅ ይውጠዋል።